የምስሩ ጠጠር

ፈንታነሽ በየማለዳው፣ ደወል ሳይደወል፣ ከጠረጴዛዋ ሥር ሰፌድ ታወጣለች። ከአሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ምስር ትዘረግፍበትና በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ትበትነዋለች። ከዚያ ጣቷን ሰዳ አንዲት ጠጠር ትለቅማለች፤ አፉ በተሸረፈ ሲኒ ውስጥም ጠብ ታደርጋታለች። አንዲት ብቻ። የቀረውን አትነካም። ሰፌዱን በሁለት ወንበሮች መካከል ባለች ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ታስቀምጥና በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች።

ቢሮዋ ሞጣ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። በሩ ላይ «ጋይዳንስ» ተብሎ ተጽፏል። ልባቸው የከበዳቸው ልጆች ወደዚያ ይመጣሉ፤ እንቅልፍ የራቀው፣ ከሰው መሀል መቆም ያስፈራው፣ ሰው ሞቶበት ማልቀስ ያቃተው። ፈንታነሽ ማንንም «ምን ሆንክ?» ብላ አትቀበልም። «ና እስኪ አግዘኝ» ነው የምትለው። ልጁም ይቀመጣል፤ ይለቅማል። መጀመሪያ የሚናገረው ሁልጊዜ ስለ ምስሩ ነው።

«ቲቸር፣ ይቺ ምስር ሻጭ እኮ እየተጫወተችብዎ ነው። ግማሹ ጠጠር!»

«ምን ላድርግ? ውበቴ ደንበኛዬ ናት።»

«እኔ ብሆን ወስጄ ፊቷ ላይ ነበር የምደፋላት።»

«አንተማ አፍህ ብቻ ነው። ልቀም አሁን።»

ልጁ ይስቃል። ጥቂት ቆይቶ፣ ጣቱ ከምስሩ ሳይወጣ፣ ዓይኑም ከሰፌዱ ሳይነሳ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ እንቅልፍ አልተኛም» ይላል። ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

ሰው ሁሉ ይህን ዘዴ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችው ይመስለዋል። ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውስ ሌላ ነበር።

ፈንታነሽ የሞጣ ልጅ ናት። ሥነ ልቦና ተምራ በ1996 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቢቸና ስትመደብ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። የተሰጣት ቢሮ ለትምህርት ቤቱ በር ቅርብ በመሆኑ ርእሰ መምህሩ መምህር ሣህለ ማርያም ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወፍራም መዝገብ ይዘው መጡ።

«ፈንታነሽ፣ እንዲያው ቁጭ ከምትዪ ይቺን ያዥልኝ» አሉ።

የአርፋጆች መዝገብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ያረፈደው ሁሉ በበሯ ላይ ይሰለፋል፣ ስሙን ያስመዘግባል፣ ይሳሳቃል፣ ይገፋፋል። ተማሪዎቹ ቢሮዋን «ማረፊያ ቤት» ብለው ሰየሙት። እሷም አዲስ ሠራተኛ ናትና፣ ደግሞም ሰው ፊት «እምቢ» ማለት ያሳፍራታልና፣ መዝገቡን ያዘች።

በራሱ እግር የሚመጣ ተማሪ ግን አልነበረም። አልፎ አልፎ መምህራን ጎትተው የሚያመጧቸውን ደግሞ በተማረችው መንገድ ልታነጋግራቸው ትሞክራለች። ፊት ለፊት ታስቀምጣቸዋለች፤ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፤ «ምን ይሰማሃል?» ትላለች። ልጁ አንገቱን ይደፋል። ጎጃም ያደገ ልጅ የታላቁን ዓይን ትክ ብሎ እንዲያይ አልተማረም፤ ቢያይ ጆሮውን ነው የሚቆነጠጠው። «ምን ይሰማሃል?» ሲባልም ሆዱን ይዞ «ደህና ነኝ፤ ትናንት ትንሽ ቆርጦኝ ነበር» ይላል። እሷ ራሷ እዚያው አገር ተወልዳ አድጋ ይህ እንዴት እንደጠፋት፣ እስከ ዛሬ ስታስበው ትገረማለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1998 ጥር ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው።

ወይንእሸት ዘመነና አስቻለች የሚባሉ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ከቢቸና የግማሽ ቀን መንገድ። ከገጠር እንደሚመጣው ተማሪ ሁሉ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ያድራሉ፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ መንደር፣ እሑድ ደግሞ ስንቃቸውን ተሸክመው ወደ ከተማ። ቆሎውም ድርቆሹም የሁለቱ ነው። አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የሂሳብ መጽሐፍ።

ለጥምቀት አብረው ሄዱ። ወይንእሸት ለብቻዋ ተመለሰች። አስቻለች ተድራ ነበር።

ወይንእሸት መጀመሪያ ንግግር ቀነሰች። ከዚያ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት ትታ እጇን ብቻ ማንሳት ጀመረች። ጥር ሳያልቅ እጇንም ማንሳት ተወች። ሁዳዴ ሲገባ ጭራሽ ድምፅ አልነበራትም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩአየሁ የመጣላት ስንቅ ሳይነካ እንደሚሻግት ለጎረቤት አወሩ። ወሬው ከክፍሏ ኃላፊ መምህር፣ ከእሱም ከፈንታነሽ ደረሰ።

ፈንታነሽ «በዘዴ ጥሩልኝ» ለማለት አስባ የልጅቷን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተወችው። ወረቀቷ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ተደረበች። በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ መምህር ሣህለ ማርያም በድምፅ ማጉያው ማንበብ ጀመሩ። ዩኒፎርም ያልለበሱ፣ ፀጉር ያላሳጠሩ፣ አጥር የዘለሉ፤ የሁሉም ስም ተጠራ። ቀጥለውም፣

«ወይንእሸት ዘመነ፣ ዘጠነኛ ቢ፣ ጋይዳንስ ቢሮ!»

ከኋላ ሰልፍ አንዱ «አበደች እንዴ?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ወይንእሸት ከሰልፉ ወጣች። በሰንደቁ እንጨት አጠገብ አልፋ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በሩን አልፋ ሄደች። ዘበኛው ጋሽ ቀለሙ አላስቆሟትም። «ፊቷን ሳየው እጄ በሩን መዝጋት እምቢ አለኝ» አሉ በኋላ። ፈንታነሽ በቢሮዋ መስኮት ሁሉንም አየች። በእጇ የአርፋጆች መዝገብ ነበር።

ማክሰኞ ነበር ያ ቀን። ወይንእሸት ረቡዕም ሐሙስም አልመጣችም። ዓርብ ጠዋት ጋሽ ቀለሙ ወደ ቢሮዋ ጎራ አሉና፣

«ልጄ፣ ሰምተሻል?» አሏት። «ጥሩአየሁ ለአባትየው መልእክት ልካለች። ነገ በቅሎ ይዞ ይመጣል አሉ። ወደ ጠበል ሊወስዳት ነው፤ ከዚያም ወደ ቤቷ። 'ትምህርቱም ይብቃት' ብሏል።»

ፈንታነሽን ጠበሉ አልነበረም ያስጨነቃት። እናቷም ታሞ ጠበል የማይወስዱት ሰው የላቸውም። ያስጨነቃት «ይብቃት» የሚለው ነው። የሄደች ልጅ እንደማትመለስ ከአስቻለች አይታለች። ልጅቷ ነገ አባቷ ሲመጡ ስለ ራሷ አንዲት ቃል ካልተናገረች ሌላው ሰው ይናገርላታል፤ ያኔ አለቀ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቤት ሄደች።

«አንቺ ነሽ መምህሯ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች እያዩአት። «ትንሽ ልጅ ነሽ እኮ! ግቢ እንግዲህ። ለኔ ያልተናገረች ላንቺ ብትናገር ይገርመኛል። ትናንት 'ብርድ ነው ወይ?' ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ።»

ወይንእሸት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ እስከ ቅንድቧ። ፈንታነሽ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። በሰልፉ ስለሆነው ይቅርታ ጠየቀች። ስለ አስቻለች አነሣች። ልጅቷ የምንጣፉን ዳር ታያለች። ዓይኗን ለማየት ጎንበስ ስትል ልጅቷ የባሰ ጎንበስ አለች። ፈንታነሽ የምታውቀው ሁሉ አለቀባት። ክፍሏ ጠበበች።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሰፌድ ይዘው ገቡ።

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ እንዲህ ተፋጣችሁ ለኔም ጨነቀኝ! ቅዳሴ ደርሼ እስክመጣ ይቺን ምስር ልቀሙልኝ። ነገ አባቷ ይመጣሉ፤ ባዶ እንጀራ አላቀርብላቸው።» ሰፌዱን መሀላቸው፣ ለጠጠሩ አንድ ሲኒ አጠገቡ አስቀምጠው ወጡ።

ፈንታነሽ ምን ታድርግ? መልቀም ጀመረች። ሲኒው «ጢቅ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል አንዲት ቀጭን ጣት መጣች። «ጢቅ»።

ያኔ ነው እናቷ ትዝ ያሏት። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከልጃቸው ጋር ቁም ነገር ሲያወሩ ፊቷን አያዩም። አባቷ ዘምተው መቅረታቸው የተረዳ ዕለት፣ ፈንታነሽ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሰፌድ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ሲለቅሙ ቆይተው ቆይተው፣ ቀና ሳይሉ፣ «አባትሽ ከእንግዲህ አይመጣም» አሉ። እሷም ቀና አላለችም። እንባዋ ምስሩ ላይ ሲወርድ ማንም አላየባትም። እናቷ ብቻ ሰፌዱን ወደ እሷ ትንሽ ገፋ አደረጉት።

ፈንታነሽ ይህንኑ ለምስሩ የምትነግር ያህል ቀስ ብላ ተናገረች። የወይንእሸት ጣት ዘገየች።

«መጥቼ ነበር» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሻከረ ነው፤ ብዙ ቀን ያልተጠራረገ ጉሮሮ ድምፅ።

ፈንታነሽ ቀና እንዳትል አንገቷን ያዘችው።

«የት?»

«እርስዎ ጋ።»

«ጢቅ»።

«ከጥምቀት በፊት ነው። አስቻለች ከገበያ ሰምታ መጣች፤ ሊድሯት ቤታቸው ድግስ ተጥሏል። 'የአጎቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ስላለ እኔ ብሄድ ያየኛል፤ አንቺ ሂጂና ለጋይዳንሷ ንገሪልኝ' አለችኝ።»

ሰፌዱ ጠርቷል። ሁለቱም እጆች የሚይዙት አጡ። ወይንእሸት መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች፤ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች፤ ፊቷም ወደ ግድግዳው መዞር ጀመረ። ከዚያ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበርና ውኃ ልትቀዳ ወደ ጥግ፣ ወደ ጀሪካኑ ተነሣች።

ጠጥታ ስትመለስ አሁንም ጠጠር ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ተቀመጠች፤ መልቀም ቀጠለች። የዚያን ቀን ምስሩ አላልቅ አለ።

«በርዎ ላይ አርፋጆች ተሰልፈው ነበር» አለች። «ሲያዩኝ 'ይቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው?' ብለው ሳቁ። አፈርኩ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ተመለስኩ። ነገ ደግሞ ዓርብ ነበር፤ ወደ አገር ወረድን።» ጣቷ ቆመች። «እኔ ነኝ የዳርኳት።»

መጽሐፉ «ጥፋትሽ አይደለም በያት» ይላል። ፈንታነሽ ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሸክም በአንዲት ቃል አይወርድም።

«በሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ባይኖር ትገቢ ነበር?»

«እገባ ነበር።»

«እንግዲያው ግማሹ የኔ ነው። እነሱን እዚያ ያሰለፍኳቸው እኔ ነኝ። ለብቻሽ አትያዢው።»

ወይንእሸት አለቀሰች። ፈንታነሽ አላየቻትም። ሰፌዱን ብቻ ወደ እሷ ትንሽ ገፋ አደረገችው።

በማግስቱ አቶ ዘመነ በቅሏቸውን አጥሩ ላይ አስረው ገቡ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ትሑት ሰው ናቸው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ማዕድ አቀረቡ፤ ፈንታነሽንም «ብይ» ብለው አስቀመጧት። ወይንእሸት ከአባቷ አጠገብ አንገቷን ደፍታለች። ትናንት የተናገረችው ትናንት ቀርቷል፤ ለአባቷ ሰላምታ እንኳ ያቀረበችው ጉልበታቸውን ስማ ብቻ ነው። አባትየው በዓይናቸው ጫፍ ያዩአታል፤ ይተነፍሳሉ። በቅሎዋ በውጭ ታናፋለች።

አቶ ዘመነ ጎረሱ፤ አላመጡ። «ቀጭ» አለ። ቤቱ በሙሉ ሰማው።

«ጥሩአየሁ!» አሉ መንጋጋቸውን ይዘው። «ድንጋዩን ለበቅሎዬ ጫኚያት እንጂ ለኔ አቅርቢልኝ አልኩሽ?»

«ወይ ጉዴ!» ወይዘሮ ጥሩአየሁ ደረታቸውን መቱ። «ሁለት ሰው ከሰዓት ሙሉ ለቅሞ! አንደኛዋማ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት!»

ፈንታነሽ እስከ ጆሮዋ ቀላች። «ዓይኔ... ዓይኔ ደክሞ ነው» አለች።

ያኔ ከነጠላው ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። ወይንእሸት አፏን በመዳፏ ይዛ ትስቃለች። ልታቆመው ትሞክራለች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ አቅቷት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አቶ ዘመነ መንጋጋቸውን ረሱት።

«ድንጋይ መብላቴ ነው የሚያስቅሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰባብሯል።

«አዎ አባዬ።»

ወይንእሸት ዓይኗን ከማዕዱ ሳታነሳ ቀጠለች፤ «ጠበል እሄዳለሁ፣ አባዬ። ትምህርቴን ግን አልተውም። አስቻለች የተወችው ይበቃል።»

አቶ ዘመነ ወደ ፈንታነሽ ዞሩ። «መምህርት፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ጠበሉ ይቅር ነው የምትዪኝ?»

«ኧረ እኔስ! ትጠመቅ። ቅዳሜና እሑድን የእርስዎ ያድርጉት፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ብቻ ለኔ ይተዉልኝ።»

ረጅም ጊዜ አሰቡ። ጠጠሯን ከመዳፋቸው ላይ በአውራ ጣታቸው እያገላበጡ ነበር የሚያስቡት። በመጨረሻ «እሑድ ማታ እዚሁ አደርሳታለሁ» አሉ።

አደረሷትም።

ሰኞ ጠዋት ፈንታነሽ መዝገቡን ይዛ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«የት ላድርገው እኔ ይሄን?» አሉ መምህር ሣህለ ማርያም።

«የትም። እኔ በር ላይ ግን አይሆንም። የማንም ልጅ ስም ከጋይዳንስ ጋር በሰልፍ አይጠራም።»

መምህር ሣህለ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። መዝገቡን ተቀበሏት። በዚያው ሳምንት ሰፌድ ገዛች። መምህራኑ «ጋይዳንስ ወጥ ቤት ሆነ»፣ «ለኛም ቅመሱ በይን እንጂ» እያሉ ወሩን ሙሉ ቀለዱባት። ልጆቹ ግን አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ። «ምስር ልለቅም ነው» ማለት አያሳፍርማ።

ሁሉም ዳነ ማለት አይደለም። ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ ምስሩን አጥርቶ ለቅሞ፣ ምንም ሳይናገር የሄደና እንደገና ያልተመለሰ ልጅ አለ፤ ስሙን አታወሳም፤ የተቀመጠባትን ወንበር ግን ታውቃታለች። አስቻለች ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ አዝላ ለገበያ በመጣች ቀን ወይንእሸት እጇን ይዛ ወደ ቢሮዋ አመጣቻት። ሕፃኑ እፍኝ ምስር በተነባቸው። ሁለቱ ተንበርክከው ከወለሉ ሲለቅሙ ምን እንደተባባሉ ፈንታነሽ አልሰማችም፤ ወጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ወይንእሸት ዛሬ ጉንደ ወይን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

በ2004 እናቷ ሲደክሙ ፈንታነሽ ሞጣ ተዛወረች። ሰፌዱን አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ይዛ ነው የመጣችው።

ይህን ሁሉ፣ ታሪኳን ልጽፍ በሄድኩ ጊዜ፣ በ2010 የጾም ወራት፣ እዚያው ቢሮዋ ተቀምጣ፣ አንድም ጊዜ ቀና ሳትል ነገረችኝ። ጨርሳ ሰፌዱን ስታራግፍ፣ «አንዲቱን ብቻ አትጻፊያት» አለች። «እህል ላይ ድንጋይ የሚጨምር ሰው በኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ አርፈዋል፣ ይቅር ይሉኛል። ውበቴ ግን በየሳምንቱ ገበያ ላይ 'እህቴ' እያለች ትስመኛለች።»

የወይዘሮ ውበቴ ምስር ግን ከሞጣ ገበያ ሁሉ የጠራ ነው፤ ስሟ ለስንት ዓመት በልጆች አፍ ሲጎድፍ ኖሯልና ይነገርላት።

ያን ዓርብ፣ ወይንእሸት ውኃ ልትቀዳ ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ፈንታነሽ የሲኒውን ጠጠር ግማሹን በተለቀመው ምስር ላይ መልሳ ደፋችው። ከዚያ ወዲህም በየቀኑ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ በሩን ትዘጋለች፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የለቀሙትን ጠጠር ከሲኒው ወደ ምስሩ ትመልሳለች፤ ለነገው እንዲዳረስ በመዳፏ ታማስለዋለች።